ውሃ የማይፈራ ፎቶ

«ለምን ሥራ ነው የምትፈልጊው?» አለ ባለሱቁ፣ ሁለት እጁን የመስታወት ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ።

ቀላል ጥያቄ ነበር። መልሱንም ሚጢጢ ከቤት ይዛ ነው የወጣችው። ጠዋት እናቷ የደንበኛ ፀጉር በቢጎዲን እየጠቀለለች፣ የፀጉር መርፌ በጥርሷ እንደነከሰች ደጋግማ አስጠንታታለች። «ፀጉር ቤት ነው በይው። ውሃ አለ፣ እንፋሎት አለ፣ እጃችን ደርቆ አያውቅም በይው። ፎቶው ይህን ይችላል ወይ ብለሽ ጠይቂ። ዋጋ ከዚያ በኋላ ነው።»

ችግሩ ባለሱቁ ብቻውን አለመሆኑ ነው። ከጀርባው፣ ረጅም ወንበር ላይ፣ እግሯን እያወዛወዘች ስልኳን የምትነካካ ልጅ ነበረች። ልጅቷ ቀና አለች። ሬዲዮ!

«ውይ አንቺ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» ሬዲዮ ከወንበሩ ዘላ ወረደች። «አጎቴ፣ የኛ ክፍል ልጅ እኮ ናት። ጎበዝ ናት፣ ቅናሽ አድርግላት።»

ሬዲዮ የተባለችው በከንቱ አይደለም። ጠዋት ጆሮዋ የገባ ነገር ከምሳ በፊት መላው ክፍል ይሰማዋል። ክፋት የለባትም፤ ብቻ አፏ ውስጥ የሚያድር ነገር የለም።

«መጀመሪያ የምትፈልገውን ልወቅ» አለ አጎትየው እየሳቀ። «ፕሪንተር ለቤትም አለ፣ ለፎቶም አለ፣ ለቢሮም አለ።»

«ለቢሮ ነዋ!» አለች ሬዲዮ። «እናቷ ቢሮ ነው የምትሠራው። አይደል?»

ሁለቱም አዩዋት። ሚጢጢ እናቷ ያስጠናቻትን ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ አገኘችው። ዋጠችው።

«አዎ» አለች ዓይኗን በጨው አጥባ። «ለቢሮ ነው።»

ነገሩ የተጀመረው በትምህርት መክፈቻ ሰሞን ነው። አዲስ ትምህርት ቤት፣ አዲስ ክፍል፣ የሚያውቃት ሰው የለም። ከፊቷ የተቀመጠችው ሬዲዮ አፍንጫዋን ወደ ላይ ሰቅላ «አቦ፣ ምንድን ነው እንዲህ የተቃጠለ ፀጉር የሚሸተው?» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሬዲዮ ማንንም ዞራ አላየችም፤ ብላው ረሳችው። ሚጢጢ ግን ሹራቧን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ጠቀጠቀችና ቀኑን ሙሉ በብርድ ስትንቀጠቀጥ ዋለች።

ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፤ መሀሉን መጋረጃ ይከፍለዋል። ከመጋረጃው ወዲህ ፀጉር ቤት፣ ከመጋረጃው ወዲያ መኝታ። ፀጉር ሲተኮስ፣ ቀለም ሲበጠበጥ፣ ሽታው መጋረጃ አያውቅም። በሳምንቱ መምህሩ የወላጆችን ሥራ ሲጠይቁ ተራው ደረሳትና «ቢሮ ነው የምትሠራው» አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። «ምን ቢሮ?» ሲሏት ደግሞ «ሰነድ ምናምን ትይዛለች» ብላ ጨመረች። እንዲህ እንዲህ እያለች ውሸቷን ስትቀልብ አሁን እዚህ ሱቅ ድረስ ተከትሏት መጣ።

ባለሱቁ ደግ ሰው ነበር፤ ነገሩን የባሰ ያደረገውም ይኸው ነው። አንድ ትልቅ ጥቁር ማሽን አሳያት። «ለቢሮ ከሆነ ይሄን ውሰጂ። በቀን መቶ ገጽ ብታትሚበት አይደክመውም። ቀለሙ በጠርሙስ ነው፣ እየሞላሽ ትሠሪያለሽ። ፎቶም ከፈለግሽ ያወጣል፤ ግን ዋና ሥራው ወረቀት ነው።»

ከጎኑ፣ መደርደሪያው ጥግ ላይ፣ አንድ ዳቦ የምታህል ትንሽ ነጭ ማሽን ነበረች። ሚጢጢ ዓይኗ እሷ ላይ አረፈ።

«ያቺስ?»

«እሷ ፎቶ ብቻ ነው የምታውቀው። ያውም አንድ መጠን። ለቢሮ ምን ይሠራልሻል?»

ለምን እንደምትጠቅም ሊነግራት አፉን ከፍቶ ነበር፤ ሬዲዮ ግን ስለ ሒሳብ ፈተናው ወሬ ጀመረች። ሚጢጢም አላስጨረሰችውም። ቶሎ መውጣት ነው የፈለገችው። ትልቁን ማሽን ታቅፋ ስትወጣ ክንዷ ሊገነጠል ደረሰ፤ እጇን ያደከመው ግን ካርቶኑ ብቻ አልነበረም።

*

እናቷ ካርቶኑን ከመንካቷ በፊት እጇን ሦስት ጊዜ በፎጣ አደረቀች።

«ትልቅ ነው!» አለች። «በዚያ ገንዘብ ይሄን ሁሉ ሰጠሽ?»

የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ጭንቅላታቸውን ያስገቡ አንዲት ጡረተኛ ነርስ ነበሩ። ያ ካስክ እንደ ወፍጮ ነው የሚጮኸው። መቀየር ከነበረበት ዓመት አልፎታል፤ ለመቀየሪያው የተቀመጠው ገንዘብ ግን አሁን ፕሪንተር ሆኖ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«ምንድን ነው እሱ?» ሲሉ ነርሷ ጮኹ፤ ካስክ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እንደሚጮኸው።

«ፎቶ ማውጫ ነው!» እናቷም ጮኸች። «ልጄ ናት የመረጠችው! ጠይቃ፣ አጣርታ!»

ሚጢጢ ሽቦውን የምትፈልግ መስላ ካርቶኑ ውስጥ ጭንቅላቷን ቀበረች።

ፎቶው ለምን እንዳስፈለገ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ዋናው መንገድ ላይ የሙሽራ ልብስ የሚያከራዩ ሴትዮ አሉ፤ መነጽራቸውን በሰንሰለት አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ። ከሁለት ወር በፊት ፀጉራቸውን ሊሠሩ መጥተው፣ መስታወቱ ውስጥ ራሳቸውን ግራ ቀኝ አገላብጠው አዩና «አንቺ ሴትዮ፣ ይሄን እጅ የት ደብቀሽው ነው?» አሉ። «ሥራሽን በፎቶ አድርገሽ አምጪልኝ። መስኮቴ ላይ እሰቅለዋለሁ። ቀሚስ የመረጠች ሙሽራ ሁሉ ቀጥሎ የምትጠይቀኝ ፀጉሬን ማን ይሥራልኝ ብላ ነው።»

እናቷ ያን ቀን ማታ እራት ላይ «የልብስ ሰፊ ሥራ ዓመት ይለበሳል» አለች። «የአናጢ ሥራ ልጅ ይወርሰዋል። የኔ ግን አንድ ሻምፑ ነው። ታጥቦ ይሄዳል። ሃያ ዓመት ሠርቼ የማሳየው አንድ ነገር የለኝም።» ሳታማርር ነው የተናገረችው፤ ልክ የዳቦ ዋጋ እንደምታወራ። ሚጢጢ ግን ያ ነገር ሆዷ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

እሑድ ዕለት ከእናቷ ስልክ ውስጥ አሥራ ሁለት ፎቶ መረጡ። ጥልፍልፍ፣ ሹሩባ፣ እንደ ጽጌረዳ ተጠቅልሎ ከጆሮ ኋላ የተቀመጠ፣ በቀጭን ነጭ ዶቃ የተነጠበ። ማሽኑ እያጉረመረመ አንድ በአንድ ሲያወጣቸው እናቷ እያንዳንዱን በሁለት ጣቷ ጫፍ፣ እንደ ትኩስ እንቁላል፣ አነሳች።

«ይቺን አስታውሳታለሁ» አለች። «እያለቀሰች ነው የመጣችው። ከእናቷ ጋ ተጣልታ። ስጨርስ ግን ተመልከቻት።»

ፎቶዎቹ ትንሽ ደብዘዝ ብለዋል፤ ጥቁሩ ፀጉር ወደ ቡናማ ያደላል። ሚጢጢ አየችው። እናቷም ሳታየው አልቀረችም፤ ቀለም የማን ሥራ ሆነና! ግን ቀጣዩን ፎቶ አነሳች። ልጇ ጠይቃ የገዛችውን ማሽን ማን ያማዋል?

ሰኞ ፎቶዎቹ መስኮቱ ላይ ተሰቀሉ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሚጢጢ ከመንገዱ ማዶ ቆማ አየቻቸው። ከነጫጭ ቀሚሶቹ መሀል የእናቷ እጅ አሥራ ሁለት ጊዜ ተሰቅሏል። ለትንሽ ጊዜ ሁሉም ነገር የተስተካከለ መሰላት። ውሸቷንም «ማን ጎዳ?» አለችው።

*

ረቡዕ ዘነበ። ሐሙስ ከሰዓት ሚጢጢ ከመጋረጃው ወዲያ፣ አልጋው ላይ የቤት ሥራዋን ስትሠራ፣ በሩ ተንኳኳና የልብስ አከራይዋ ድምፅ ተሰማ። እሳቸው ደግሞ ሹክ ማለት አያውቁበትም።

«እስቲ እይው። አንቺ ራስሽ እይው!»

ከዚያ የወረቀት ኮሽታ።

«ትናንት አንዲት ሙሽራ ከዝናብ ሮጣ ገባች። ደስ ብሏት ‹ይሄን ልይ፣ ያን ልይ› ስትል ከመስኮቱ አውርጄ ሰጠኋት። እጇ እርጥብ ነው፤ ዝናብ ነዋ፣ ምን ታድርግ! ጥቁሩ ቀለም ፎቶው ላይ እየፈሰሰ ወረደ። የፎቶዋ ሴትዮ ጥቁር እንባ የምታለቅስ መሰለች። ሙሽራዪቱ ምን አለችኝ? ‹ፀጉሬም እንዲህ ይለቅ ይሆን?› ብላ ሳቀችብኝ!»

«ይቅርታ እትዬ» አለች እናቷ።

«መስታወቱ ላይ ጤዛ ያገኛቸውም ተበላሽተዋል። ስድስቱን ጣልኳቸው።»

«ጥፋቱ የኔ ነው እትዬ። ሳወጣቸው እጄ እርጥብ ነበር መሰለኝ። የኔ እጅ መች ደርቆ ያውቃል! እርጥበቱ ገብቶባቸው ነው።»

የሚጢጢ እርሳስ ከእጇ ወደቀ። እናቷ ያን ቀን እጇን ስንት ጊዜ እንዳደረቀች አይታለች። በሁለት ጣት ጫፍ ነው ያነሳቻቸው።

«እኔ አንቺን መጉዳት አልፈልግም» አሉ ሴትዮዋ፣ አሁን ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው። «ሥራሽን ወድጄዋለሁ። ግን መስኮት ባዶ አያድርም። ከላይኛው መንገድ ያለችው ፀጉር ቤት ‹የኔን ስቀይልኝ› እያለች ስትወተውተኝ ነው የከረመችው። እስከ ሰኞ ደህና ፎቶ ካመጣሽ ቦታው ያንቺ ነው። አለዚያ አትቀየሚኝ።»

«አመጣለሁ እትዬ። እጄን አድርቄ፣ ጓንት አድርጌ እሠራዋለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ይቅርታ። በሩ እስኪዘጋ ሚጢጢ አምስት ቆጠረች። አንዱንም መጠየቅ የነበረባት እናቷ አልነበረችም።

የዚያን ቀን የቀረው ሰዓት የባሰ ነበር። እናቷ ማሽኑን አንስታ መኝታው ጥግ አስቀመጠችው፤ በንጹሕ አንሶላ ሸፈነችው። ደንበኛ መጋረጃውን ገለጥ ባደረገ ቁጥር «እንፋሎት እንዳይገባ!» ትላለች። ነርሷ፣ ፀጉራቸውን ሊያስጠቀልሉ ተመልሰው መጥተው ነበርና፣ አንገታቸውን አስግገው አዩት።

«ማሽኑ ታሞ ነው እንዴ እንዲህ የተሸፈነው? የሙቀት መለኪያ ላምጣ?»

ሁሉም ሳቀ። እናቷም ሳቀች። «እሱስ ጤነኛ ነው፤ በሽተኛዋ እኔ ነኝ» አለች። «ልጄ ደህና አድርጋ ጠይቃ የገዛችውን ማሽን እኔ ባለ እርጥብ እጇ አበላሸሁት።»

ምድር ተከፍታ ብትውጣት ሚጢጢ በወደደች። አንድ ጊዜ እውነቱ ከአፏ ሊወጣ ነበር። ደንበኞቹን አየችና «ሆድ ይፍጀው» አለች። ሆድ ግን እንዲህ ያለውን ነገር አይፈጅም፤ ይዞት ያብጣል እንጂ።

የመጨረሻዋ ደንበኛ ስትሄድ ገና አልመሸም ነበር። እናቷ ወለሉ ላይ የወደቀውን ፀጉር መጥረግ ጀመረች።

«እማ» አለች ሚጢጢ።

«ወይ።»

«እጅሽ አይደለም።»

«ምኑ?»

«ፎቶውን ያበላሸው። ባለሱቁን አልጠየቅኩትም። ውሃውንም፣ እንፋሎቱንም፣ ምንም። ፀጉር ቤት ነው አላልኩትም። ለቢሮ ነው አልኩት።»

መጥረጊያው ቆመ። ጥቁር፣ ቡናማ፣ ሽበት የተቀላቀለበት የፀጉር ቁልል እግራቸው ሥር ነበር።

«ለምን ቢሮ አልሽ?»

ሚጢጢ የሚረዳት ነገር ያለ ይመስል ቁልሉን አየች። «እዚያ አንዲት የክፍላችን ልጅ ነበረች። እነሱ... አንቺ ቢሮ እንደምትሠሪ ነው የሚያውቁት።»

«ማን ነገራቸው?»

«እኔ።»

እናቷ የደንበኛ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። እሷ እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ሚጢጢ አይታ አታውቅም።

«እና ቢሮው ውስጥ ምንድን ነው የምሠራው?»

«ሰነድ... ሰነድ ትይዣለሽ።»

«ሰነድ እይዛለሁ» አለች እናቷ ቃሉን እያላመጠች። «ኃላፊ እንኳ አላደረግሽኝም?»

ለመሳቅ ፈልጋ ነበር። ሳቁ አፏ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ብትቆጣት፣ ብትጮኽባት፣ መጥረጊያውን ብትወረውርባት ሚጢጢ ትመርጥ ነበር። እናቷ ግን ቀለም የነከረውን የራሷን ጣት አየች። ከዚያ የራሷን ሹራብ እጅጌ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።

«ሽታው ነው?»

ሚጢጢ ሹራቧን እላይዋ ላይ ሰበሰበችው።

«በዚያ ብርድ ሹራብሽን ቦርሳ ውስጥ ከትተሽ ስትመጪ አይቼሻለሁ» አለች እናቷ። «ሞቋት ነው ብዬ ነበር።»

ተነሳችና መጥረግ ቀጠለች። ቁልሉን አንስታ ቅርጫቱ ውስጥ ከጨመረች በኋላ፣ ፊቷን ሳታዞር «ነገ ከትምህርት ስትወጪ ማሽኑን ይዘን እንሄዳለን» አለች። «አንቺ ትገቢያለሽ። እኔ ውጭ እጠብቅሻለሁ።»

*

ዓርብ እናቷ ለክብር ቀን የምትለብሰውን ቀሚስ ለብሳ ነበር። ሽቶም ተቀብታለች፤ ብዙ። ሚጢጢ ሽቶው ለምን እንደሆነ ገባት። ካርቶኑን ግራና ቀኝ ይዘው ሲሄዱ ብዙ አላወሩም። «ቀስ በይ»፣ «ድንጋይ አለ»፣ «ልቀይርሽ?»፤ ይኸው ብቻ።

ከሱቁ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ መድኃኒት ቤት አለ። እናቷ እዚያ ጥላ ሥር ስትደርስ ካርቶኑን ለቀቀችላት።

«በርቺ፣ ግቢ። እዚህ ነኝ።»

ሚጢጢ በሩን በወገቧ ገፍታ ገባች። ባለሱቁ የአንድ ስልክ ሆድ ዕቃ ዘርግፎ ነበር። ሬዲዮም በቦታዋ፣ ያ ረጅም ወንበር ላይ።

«ቢሮው ተዘጋ እንዴ?» አለች ሬዲዮ ካርቶኑን አይታ።

«መቀየር ፈልጌ ነው» አለች ሚጢጢ ለባለሱቁ። «ፎቶው ውሃ ሲነካው ይለቃል።»

«ይለቃላ፣ የቢሮ ማሽን ነው» አለ ባለሱቁ በመገረም። «ደግሞስ ቢሮ ውስጥ ፎቶ ምን ውሃ ይነካዋል? የኔ እናት፣ ቀለም የገባበት ማሽን አይመለስም። ለቢሮ አልሽኝ፣ የቢሮ ሰጠሁሽ።»

እውነቱን ነው። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር። ሚጢጢ በመስታወቱ በር ወደ ውጭ አየች።

እናቷ መድኃኒት ቤቱ ጥላ ሥር ቆማለች። ጀርባዋን ለሱቁ ሰጥታ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የአንድ ሽሮፕ ማስታወቂያ ነበር፤ እሱን እንደ ጋዜጣ ታነባለች። አንድ ሰው ከሱቁ ውስጥ ቢያይ ከማንም ጋር እንዳልመጣች፣ ዝም ብላ የቆመች መንገደኛ እንደሆነች እንዲያስብ ነው። ትከሻዋን ሳይቀር ጠበብ አድርጋለች። ሽቶው፣ የክብር ቀሚሱ፣ አሁን ደግሞ ጀርባዋ፤ ሁሉም ለሚጢጢ ውሸት የተከፈለ ነው።

ሚጢጢ ፊቷ ሲነድ ተሰማት። ሹራቧን ያወለቀች ቀን እንኳ እንዲህ አልነደደም። ያኔ ያፈረችው ሰው ያየኛል ብላ ነበር። አሁን የሚያያት ሰው የለም፤ እናቷም ዞራለች።

በሩን ከፈተች።

«እማ!»

እናቷ አልዞረችም። ሌላ እናት የተጠራች መስሏት ይሆናል፤ ወይም ላለመዞር ቃል ገብታ ይሆናል።

«እማዬ! ነይ ግቢ! እኔ አላውቅበትም፣ አንቺ ጠይቂው!»

የመንገዱ ሰው ዞሮ አየ። እናቷ ዞረች። ለቅጽበት እዚያው ቆመች፤ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፤ ከዚያ መንገዱን ግራ ቀኝ አይታ ተሻገረች።

«እናቴ ናት» አለች ሚጢጢ ለባለሱቁ። ለሬዲዮም ነበር፤ ወደ እሷ ማየት ግን አልቻለችም። «ፀጉር ሠሪ ናት። ቢሮ አይደለም። ዋሽቼህ ነው፣ ጋሼ።»

ሬዲዮ እግሯን ማወዛወዝ አቆመች።

ባለሱቁ ሚጢጢን አየ፣ እናቷን አየ፣ የእናቷን ጣቶች አየ። «ፀጉር ቤት ነው?» አለ። «ውሃና እንፋሎት? ታዲያ ይሄን ብትነግሪኝ ኖሮ እኮ...» ብሎ የቀረውን ተወው። «እህቴ፣ ምን ዓይነት ፎቶ ነው የምትፈልጊው?»

እናቷ መጀመሪያ በዝግታ ነበር የምታወራው። ስለ መስኮቱ ነገረችው፤ ስለ ዝናቡ። እየቆየች ግን ድምፅዋ ተከፈተ፤ ልክ ቤቷ ውስጥ እንዳለች። «ያወጣሃቸው ፎቶዎች የሉህም? ከየማሽኑ አንድ አንድ?»

ነበሩት። ሦስት ናሙና ባንኮኒው ላይ ደረደረ። እናቷ ቦርሳዋን ከፍታ ጥጥ አወጣች።

«ውሃ ይኖርሃል?»

«ለመጠጥ?»

«ለዚህ።»

ባለሱቁ የራሱን የውሃ ብርጭቆ ግራ እየገባው አቀረበ። እናቷ ጥጡን ነከረች፣ ጨመቀች፣ የመጀመሪያውን ፎቶ ጥግ ጥግ አሸችው። ጥጡ ጠቆረ። «የቅድሙ ወንድም» አለች። ሁለተኛውን አሸች። ጥጡ ሐምራዊ ሆነ። «ይሄ ደግሞ አፍሮ ነው እንጂ ያው ነው።»

ሬዲዮ ከወንበሯ ወርዳ ተጠግታ ነበር። «ምንድን ነው የምታደርጊው፣ እትዬ?» አለች።

«የፀጉር ቀለም ስገዛ እንዲህ ነው የምፈትሸው» አለች እናቷ ቀና ሳትል። «ሻጭ ሁሉ ‹አይለቅም› ይላል። ጥጥ አይዋሽም።»

ሦስተኛውን ፎቶ አሸችው። ጥጡ ነጭ ነው። ደግማ አሸችው፣ ጠበቅ አድርጋ። ነጭ። በጥፍሯ ጠረገችው፣ ብርሃን ላይ ይዛ አየችው።

«ከየትኛው ነው የወጣው?»

ባለሱቁ በአገጩ ጥጉን አሳያት። አንድ ዳቦ የምታህለው ነጭ ማሽን። «ቀለሙን በሙቀት ነው ወረቀቱ ላይ የምታሳርፈው። መጨረሻ ላይ ስስ ልባስ ታለብሰዋለች። ግን አንድ መጠን ብቻ ነው የምታወጣው፤ ሰነድ ምናምን አታትምም።»

«ሰነድ አልይዝም» አለች እናቷ።

ሚጢጢ አንገቷን ደፋች።

እናቷ ግን እሷን አላየችም፤ ጥያቄ ላይ ነበረች። «ወረቀቱና ቀለሙ ሲያልቅ ካንተ ሌላ የሚሸጠው አለ? አንተ ብትዘጋስ?» የሚሸጡ ሌላ ሁለት ሱቆች አሉ። «አንዱ እሽግ ስንት ፎቶ ያወጣል?» ልክ ተቆጥሮ ነው የሚመጣው፤ ወረቀቱም ቀለሙም እኩል ያልቃሉ። «ይሄ ደህና ነገር ነው፤ ሰው ስንት እንደሚፈጅበት ያውቃል። ስትበላሽ ማን ይጠግናታል? ተበላሽታስ ታውቃለች?» ባለሱቁ ጭንቅላቱን አከከ። ለሦስት ዓመት መደርደሪያው ላይ ለማሳያ ስትሠራ የኖረችው እሷው ናት፤ አንድ ጊዜ ወረቀት ነክሳበት ነበር፣ በጣቱ አወጣው፤ በቃ።

«እንግዲያው ማሳያዋን ስጠኝ» አለች እናቷ። «ሦስት ዓመት የተፈተነችውን።»

ባለሱቁ ሳቀ። ትልቁን ማሽን ከካርቶኑ አውጥቶ አገላበጠው፤ ቀለም የገባበት ዕቃ አይመለስም የሚለውን እንደገና ጀመረ፤ መሀል ላይ ተወው። ወረቀት የሚያትም አንድ ደንበኛ እንዳለው፣ ያገለገለ ዕቃ ብሎ እንደሚሸጥለት ተናገረ። የትንሿ ዋጋ ያነሰ ስለሆነ ልዩነቱ ለሱ ይቀራል፤ እሱ ደግሞ አንድ እሽግ ወረቀት ይጨምርላቸዋል። እናቷ «ሁለት» አለችው። ክርክሩ ተጀመረ።

ሚጢጢ ወደ በሩ ፈቀቅ አለች። ጆሮዋ አሁንም እየነደደ ነው። ሬዲዮ ቀስ ብላ አጠገቧ መጣች። ሰኞ ምን እንደሚሆን ሚጢጢ ታውቀዋለች፤ እስከ ምሳ አይቆይም። «ቢሮ ናት ያለችው፣ ፀጉር ቤት!» ይላሉ። ሙድ ይይዙባታል። አንዱ አፍንጫውን ይይዛል። ከቤት ጀምራ ያዘጋጀችው ልመና ነበራት፦ «በናትሽ ለማንም እንዳትነግሪ።» ያን ሁሉ መንገድ፣ ካርቶኑን ተሸክማ፣ ያን አንድ ዓረፍተ ነገር ስታሳምር ነው የመጣችው።

ሬዲዮ ቀደመቻት።

«ለማንም አልናገርም» አለች በሹክሹክታ። የምሯን ነበር፤ ዓይኗ ውስጥ ይታያል። «ሙች ስልሽ። እኔ ጋ ይቀራል።»

ሚጢጢ ዓመቱን ሙሉ የፈለገችው ቃል ይህ ነበር። «እሺ» ብትል ያበቃል። እናቷ ባንኮኒው ላይ ተደፍታ፣ የጠቆረውን ጥጥ ለባለሱቁ አፍንጫ ሥር እያሳየች «ይሄን ይዘህ ነው አንድ እሽግ የምትለኝ?» ትላለች። የክብር ቀሚሷ እጅጌ ውሃ ነክቶታል፤ አላየችውም።

«አይ» አለች ሚጢጢ። ድምፅዋ እንደፈለገችው አልወጣላትም፤ ትንሽ ተሰነጠቀ። «እኔ ራሴ ነኝ የምነግራቸው። ሰኞ።»

ሚጢጢ ወደ ባንኮኒው ተመለሰች፤ ከእናቷ ጎን፣ ትከሻዋ ትከሻዋን እስኪነካ ተጠግታ ቆመች። የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ሽቶውን አልፎ መጣ። አልራቀችም።

«ጋሼ» አለች። «ሁለት እሽግ።»